ያልተመለሰ ንብረት

ሐረጎን ስንወጣ ሚኒባሱ ሳለ፣
ረዳቱ በመስኮት «ደሴ ናት!» እያለ
ጉም ብቻ አሳየን፤ ጉም ለብሶ ነው ጦሳ።
ወረድኩኝ ፒያሳ።

የወር አንድ ቅዳሜ፣ ዕረፍት ነው ተራዬ፤
የፈትሉ ማሽን ድምፅ ገና አልወጣም ከጆሮዬ።
ሽቅቡን ስጨርስ ቆርቆሮ በር ታየኝ፣
«የሻለቃው ታሪክ» የሚል ጽሑፍ ጠራኝ፤
ቁጥሩን ግን ዝናቡ አጥቦት ነው መሰለኝ።

አምሳ አለቃ እብሬ፣ ቁልፉን አንጠልጥለው፣
ኮታቸው ላይ ሜዳል በመርፌ ቁልፍ ሰክተው፣
«ለአዋቂ አሥር ብር፣ ለተማሪ አምስት ነው፤
ለወታደር ልጅ ግን…» አሉና ዝም አሉ፣ ፊቴን ተመልክተው።
እኔም አሥር ከፈልኩ፤ ምንም አልተናገርኩም።
ልይ ወይስ ልጠይቅ፣ ገና አልወሰንኩም።

አንድ ክፍል ነው ሁሉም፤ ጣሪያው የማዳበሪያ፣
ጥግ ላይ አንድ ባልዲ፣ ለፍሳሽ መቀበያ።
ጎኑ የጎደጎደ መለከት፣ ኮዳ፣ ሆድ ዕቃው የወጣ ሬዲዮ፣
ብል የበላው አርማ፣ የበቅሎ ኮርቻ።
አምሳ አለቃው በዘንግ እየጠቆሙ
«ይኼ የማረክነው፣ ይኼ የተሰጠን» ይላሉ፤
ይስላሉ፤ ደግሞ ይቀጥላሉ።
ጦርነት በእሳቸው አፍ ቀንና ቦታ ነው፤
ኮረብታው ቁጥር አለው፣ ኮረብታው ስም የለው።

አባቴ ግን፣ ጓንጉል፣ በቅሎ ጫኝ የነበረ፣
ስለ ጦርነቱ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፣
ያውም ሊሞት ሲል፣ ያውም እየተቸገረ፦
«ጫማው ጥሩ ነበረ።»

መስታወቱ ውስጥ ነው የንብረት መዝገቡ፣
ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል።
ተራ ቁጥር አርባ ሦስት። ጓንጉል አረቡ።
አንድ ጥንድ የቆዳ ጫማ፣ ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ።
ፊርማ፦
ፊርማ የለም። የአውራ ጣት አሻራ አለ፣
እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ክብ በክብ፣ ሐምራዊ።
ከጎኑ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦ «አልተመለሰም።»

«ይኼኛውስ?» አልኩኝ። አጎንብሰው አዩ።
«ይኼማ» አሉኝ፣ «ከነጫማቸው ከተለዩን
ከጠፉት አንዱ ነው። ይሙት፣ ይዳን፣ ማን አውቆ?
መዝገብ የሚያውቀው የጎደለውን ነው።»

«አልጠፋም» አልኩ ያኔ። «አልጠፋም፣ ጋሼ።
ከሰሜን በእግሩ መጣ፣ ኮምቦልቻ ገባ።
አራተኛ ክፍል ሆኜ እኔ ተጫማሁት፣
የፋብሪካ ውዳቂ ጥጥ ጠቅጥቄበት።
ቦርከና ሲሞላ በሱ ተሻገርኩት፤
ልጆች ‹ወታደሯ!› እያሉ ሲስቁብኝ
እግሬ ቀስ እያለ አደገለት።
ስምንተኛ ስደርስ ልክክ አለ፣ ያለ ጥጥ።
ያን ቀን አባቴ አየኝ፤ እግሬን ብቻ አየ፤
ወጥቶ ደጅ ተቀመጠ። ሲመሽም አልገባ።»

ዘንጉን ግድግዳ አስደገፉ።
ላስቲክ ጫማዬን አዩና
«አሁን የት ነው?» አሉኝ፣ እንደ ግምጃ ቤት ሹም።
«ቀኙን ውሻ በላው።
ግራው በማሰሪያው ተሰቅሏል፣ ከቤታችን ክፈፍ ስር፤
ድንቢጥ ጎጆ ሠርታበታለች። ሦስት ጫጩት አላት።»

ሳቁ አምሳ አለቃ እብሬ፤ ሳቁ እስኪያስላቸው፤
ቀይ እስክሪብቶ አወጡ፣ አዩት፣ መልሰው ከተቱት ከኪሳቸው።
«መዝገብ አይደለዝም። ግራውን ግን አምጪው፤
እዚህ ጎኑ አኖረዋለሁ።»
«ጫጩቶቹ ክንፍ ሲያወጡ» አልኩ።
«ይሁን። እስከዚያ
ግዳጅ ላይ ነው ብዬ እይዘዋለሁ።»

በሩ ላይ ከአሥሩ ብሬ አምስቱን መለሱልኝ።
ለምን አምስት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ ተገልጦ ነበር።
አውራ ጣቴን በመስኮቱ ብርሃን አየሁት፦
ክብ በክብ።
ጥጥ ተጣብቆበታል።